ራሱ ወጣ

ወይዘሮ ጌጤነሽ ለኮሶ ትል ብለው አምስት ክኒን በዋጡ በሦስተኛው ሰዓት፣ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው አማታቸው ከውስጣቸው ወጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጥቂት አረፍ ካሉ በኋላ ነጠላ ጠየቁ። ተሰጣቸው። ነጠላውን አጣፍተው ወደ ዳገቱ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሄዱ።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ጌጤነሽ ወደ መድኃኒት ቤቱ መጥተው ነገሩን አስመዘገቡ። መድኃኒት ወስዶ ያልጠበቀው ነገር የደረሰበት ሰው መጥቶ ያስታውቅ የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የተለጠፈ ነገር ሁሉ የሚያነብቡ ሴት ናቸው።

ባንኮኒው ጀርባ የነበረችው ትርሲት ናት። መድኃኒት ቤቱን ለስድስት ዓመት ብቻዋን ስታሠራ የኖረች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ብዙ የማትናገር የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነች።

“ለትሉ ብዬ ነበር የወሰድኩት” አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ።

“ትሉስ እማማ?”

“የምን ትል? እሳቸው ናቸው የወጡት።”

ትርሲት እስክሪብቶዋን አነሣችና ኮሶ የወሰደ ሰው ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቀች። “ራሱ ወጥቷል?”

“ራሳቸው ናቸው እንጂ! በዐይኔ ነው ያየኋቸው። ነጠላ ያቀበልኳቸው እኔ አይደለሁ?”

“ራሱን ማለቴ ነው። ጭንቅላቱን።”

“ጭንቅላታቸውማ አለ። ሻሽ አስረውበታል።”

ትርሲት መዝገቡ ላይ “ራስ፦ ወጥቷል” ብላ ጻፈች።

ይህ ጥያቄ ዝም ብሎ የሚጠየቅ አይደለም። የኮሶ ትል ቁመቱ ብዙ ሜትር ቢሆንም ራሱ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ነገሩ ሁሉ ግን ያለው እዚያች ፍሬ ላይ ነው፤ የሰውን አንጀት የምትይዘው እሷ ናት። አካሉ ሁሉ ወጥቶ ራሱ ብቻ ውስጥ ከቀረ፣ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንደገና ያድጋል። ስለዚህ ድሮ ኮሶ የጠጣ ሰው ቤተሰቡ “ወጣለት ወይ?” ብሎ አያቆምም። “ራሱ ወጣ ወይ?” ነው የሚለው። በአማርኛ ኮሶ የዛፉም፣ የአበባውም፣ የትሉም ስም ነው። የሚያመውና የሚያድነው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ በዚህ የተነሣ የተሳሳተ ሰው ግን እስካሁን አልነበረም።

ክኒኖቹን የሠራቸው የመድኃኒት ቤቱ የቀድሞ ባለቤት አቶ ጠና ነበሩ። ከውጭ የሚመጣው የትል መድኃኒት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ከእንስቷ የኮሶ ዛፍ የሚለቀመውን ቀይ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በእጅ በሚጫን ማሽን ክኒን አድርገውታል። እሳቸው ሲሞቱ አንድ ቆርቆሮ ክኒን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ክኒኑን በወሰዱበት ዓመት የውጭው መድኃኒት ለሁለት ወር ሲጠፋ ትርሲት መሰላል ላይ ወጥታ ቆርቆሮውን አወረደችው። ክዳኑ ውስጥ በአቶ ጠና እጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር፦

“በባዶ ሆድ አምስት ይዋጥ። ራሱ እስኪወጣ ድረስ በሩ አይከፈት። ሰው መጥቶ ቢጠይቅ የለም ይባል። ራሱ መውጣቱን ሳያረጋግጡ ሥራው አለቀ አይባል።”

ሦስተኛው መስመር የአቶ ጠና ፈጠራ አይደለም፣ የጥንት ወግ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሰው አያናግርም። የመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ቤት ውስጥ ሲያቃስት እየተሰማ እንኳ፣ “የለም” ተብሎ ይመለሳል። መጪውም ይገባዋል፤ አይቀየምም።

ትርሲት የወይዘሮ ጌጤነሽን ጉዳይ ሁለት ቀን አሰበችበት። አንድ መድኃኒት ለተሠራበት ነገር ብቻ ያገለግላል ማለት አይደለም። አስፕሪን መጀመሪያ ለራስ ምታትና ለትኩሳት ነበር። ኋላ ደም እንዳይረጋ እንደሚያደርግ ሲታወቅ ለልብ ሕመምተኞች ይታዘዝ ጀመር። ያው ክኒን ነው፣ የተለወጠው የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። የአቶ ጠና ክኒን ደግሞ፣ ትርሲት እንደ ገባት፣ ትሉን አይገድለውም። እንዲለቅ ነው የሚያደርገው። እንዲለቅ የሚያደርግ መድኃኒት ሰው ውስጥ ተንጠልጥሎ ያለውን ሁሉ ቢያስለቅቅ ምን ይገርማል?

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ከተማዋ ከጣርማ በር ሥር ያለች፣ ከሰዓት በፊት ጉም የማይለያት ትንሽ ከተማ ስለሆነች ወሬ ለመዳረስ ሳምንት አይፈጅበትም፤ የፈጀው ሰዎቹ ስላላመኑ ነው። ከዚያ አመኑ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወስዶ አባቱ ወጡ፤ የወፍጮውን ቀበቶ አይተው “ላልቷል” ብለው ሄዱ። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ወስዶ የሞተ ጓደኛው ወጣ፤ የዳማው ተራ የማን እንደ ነበር ጠይቆ፣ የመምህሩ ነው ሲባል አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ወሰደ። አሥራ አንዱም ዳኑ። እንቅልፍ ያጡት ተኙ፣ የከሱት ወፈሩ። የወጡት ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ ሳላቸው፣ ቀጥሎ እርምጃቸው፣ መጨረሻ ላይ ራሳቸው ይወጣ ነበር። ሁሉም ድምፃቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ብዙ ዘመን ሳይናገር የቆየ ሰው ድምፅ፣ ሻካራ። ሁሉም ወደ ዳገቱ ሄዱ። ጉሙ ውስጥ ሲገቡ ማንም አልተከተላቸውም።

የትርሲት ባል አጥናፉ ግን እየከሳ ነበር።

አጥናፉ ጎሚስታ ነው። ሥራው ዋናው መንገድ ዳር፣ ከቤታቸው አጥር ጋር በተያያዘ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የመኪና ጎማ መለጠፍ ነው። ሥራው ከባድ ስለሆነ ሰፊ ትከሻ ነበረው። ከዓመታት በፊት የመኪና ማንሻው ክሪክ አምልጦ ከቀኝ እግሩ ትንሿን ጣት ወስዶበታል፤ “አራት ለአንድ ጎሚስታ ይበቃል” ብሎ ያን ዕለት እንኳ ቀልዷል። አሁን አርባ ሰባት ኪሎ ቀርቶት ነበር። ሐኪም ደም አየ፣ ሰገራ አየ፣ ፎቶ አነሣ፣ ምንም አላገኘም። አጥናፉ የሁለት ሰው ምግብ ይበላል። የሚጠቅመው አንዱን ብቻ ነው፣ ያም አጥናፉን አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሙ ልሳኑ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ መኪናው የዳገቱ ጠመዝማዛ ላይ በጉም ተገለበጠ። ልሳኑ ከእነሱ ጋር ነበር የሚኖረው፤ የሚተኛው ሳሎን ያለው መደብ ላይ ነው። አጥናፉ ገደሉን ወርዶ ሲደርስ ልሳኑ በጋቢናው ሥር ተይዞ ነበር። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እጁን ይዞት ቆየ። ከዚያ ሰዎች “ልቀቀው፣ አልቋል” አሉት። ስለዚያ ቀን አጥናፉ ለሚስቱ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው።

“እጁን የለቀቅኩት ይመስለኛል” ነበር ያላት።

ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን ጨብጦ ነው የሚተኛው። ሥራ ላይ አንዳንዴ መፍቻውን በግራ ያነሣል፤ ልሳኑ ግራኝ ነበር። በእንቅልፉ “እትዬ” ይላል። ትርሲትን እትዬ የሚላት ልሳኑ ነበር፣ የታላቅ ወንድሙ ሚስት ስለሆነች። አጥናፉ የሚጠራት ትርስዬ ብሎ ነው። አጥናፉን ደግሞ ልሳኑ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፣ ወንድምጋሼ ነው የሚለው። ትርሲት ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሌሊት ትሰማለች፣ ጠዋት ሚዛን ላይ ታወጣዋለች፣ ቁጥሩን ትጽፋለች። ቁጥሩ አርባ ስድስት ሲሆን ቆርቆሮውን ወደ ቤት ይዛ መጣች።

“እኔ ላይ ልትሞክሪ ነው?” አላት አጥናፉ።

“አሥራ አንድ ሰው ላይ ሞክሬያለሁ።”

“አሥራ ሁለተኛ ነኛ። በይ እንግዲህ ሚካኤል ይቁምልኝ።”

“አትቀልድ።”

“ካልቀለድኩማ አርባ አምስት እገባለሁ።” ከዚያ ቆርቆሮውን አገላብጦ አየው። “ልሳኑ የት ይሄዳል?”

“ሌሎቹ የሄዱበት።”

“ሌሎቹ የት ሄዱ?”

“ወደ ዳገቱ።”

“ዳገት ላይ ይበርዳል” አለ አጥናፉ። “ልጁ ሲሞት በሸሚዝ ነበር።”

ትርሲት ቆርቆሮውን ከእጁ ወሰደች። ዋናው ነገር እሱ መዳኑ ነበር። እሱ ከሞተ፣ ከዚያ በኋላ በማን ውስጥ ማን እንደሚኖር አስባዋለች፤ የሞተ ባል ተሸክማ የምትውል ሴት እሷ ልትሆን ነው።

“ትወስዳለህ ወይስ አትወስድም?”

“ኮቴን ውጭ ሚስማሩ ላይ ስቀይለት። እንደ ወጣ ይልበሰው። ያን ካደረግሽ እሺ።”

ኮቱ የአጥናፉ አንድ ኮት ነበር፤ ቡናማ፣ ክርኑ የተጣፈ፣ የጎማ ማጣበቂያ ሽታ ያልለቀቀው። ማክሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ትርሲት ኮቱን በሩ ላይ በውጭ በኩል ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ገብታ በሩን ቆለፈች። አጥናፉ አምስቱን ክኒን ዋጠና ግድግዳውን አይቶ ተኛ።

ሁለት ሰዓት ላይ ሳል ወጣ። ግቢ ውስጥ ነው የተሰማው፤ አጥናፉ ግን አፉን አልከፈተም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፉጨት ተከተለ። ትርሲት ፉጨቱን አወቀችው፣ ልሳኑ ቡሎን ሲያጠብቅ የሚያፏጨው ነበር። መዝገቡን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። ሦስት ሰዓት ላይ የበርሜሉ ክዳን ተነሣ፣ ሰው እጁን ታጠበ፣ ክዳኑ ተመለሰ። ሁሉም እንደሚገባው እየሄደ ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቆመ።

አጥናፉን ላብ አጠመቀው። ቀኝ እጁ ከመቼውም ይልቅ ተጨብጦ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ነጥቷል። ግቢው ውስጥ ሳሉም ፉጨቱም የለም፤ ወደ ውስጥ ተመልሰዋል።

“አይለቅም” አለ አጥናፉ።

“ማን?”

“አንዱ አንዱን ይዞታል።”

“ማን ማንን?”

“ከውስጥ ሆኖ አይለይም ትርስዬ።”

ትርሲት ወረቀቱን አየች። አምስት ይላል። ግን ራሱ ሳይወጣ ከቀረ ሦስት ወር ውስጥ እንደገና እንደሚያድግ ታውቃለች፤ አጥናፉ ደግሞ ሦስት ወር የሚቆይበት ሥጋ የለውም። ቆርቆሮው ውስጥ ሁለት ክኒን ቀርቷል። ሁለቱንም ሰጠችው። የተጨበጠውን እጅ ማላላት አቅቷት ስለነበር አፉ ውስጥ ራሷ አስገባችለት።

ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን አንድ ነገር ለቀቀ። ድምፁ የተጣበቀ ጎማ ከቸርኬው ብረት ሲላቀቅ የሚሰማው ነው፤ ጎሚስታ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አጥናፉ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቀኝ እጁ ተዘረጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መዳፉ ክፍት ሆኖ ፍራሹ ላይ አረፈ፤ መሐሉ ላይ የጥፍር ምልክት ነበረ። የፊቱ ቀለም እያየችው ተመለሰ።

ትርሲት አለቀሰች። ከዚያ ዐይኗን ጠርጋ መዝገቡ ላይ ጻፈች፦ “ረፋድ አምስት ሰዓት። ራሱ ወጣ።”

በሩ ተንኳኳ።

ትርሲት ተነሥታ በሩ አጠገብ ቆመች። አልከፈተችም። “ማነው?”

“እኔ ነኝ። ክፈቺልኝ።” ድምፁ እንደ ሁሉም ሻካራ ነበር።

“ማንን ፈልገህ ነው?”

“ምን ማለት ነው ማንን? ቤቴ አይደል እንዴ?”

ልሳኑ ቤቴ ቢል አይፈረድበትም፤ ለአራት ዓመት ኖሮበታል። ቢሆንም ወግ ወግ ነው፣ ወረቀቱም ግልጽ ነው።

“አጥናፉ የለም” አለች።

በመንገዱ አንድ የጭነት መኪና ማርሽ ቀንሶ ዳገቱን ሲጀምር ተሰማ።

“የለም?”

“የለም።”

“እሺ” አለ። “አንቺ የለም ካልሽ የለም ነው።” ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀ። “ኮቱን ልውሰደው?”

“ላንተ ነው የተሰቀለው። ውሰደው።”

“የኔ መሆኑንማ አውቃለሁ” አለ።

ኮት ከሚስማር ሲወርድ ተሰማ። ቀጥሎ እርምጃ፣ ቀጥሎ የአጥሩ በር። ትርሲት ጆሮዋን ከበሩ ሳታነሣ እስኪርቅ ጠበቀች። ስትመለስ የተኛው ሰው ነቅቶ ነበር። ብርጭቆ ውሃ አቀረበችለት። በግራ እጁ ተቀበላት። ጠጥቶ ጨረሰና አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

“እግዜር ይስጥልኝ እትዬ” አለ። “ወንድምጋሼስ?”

ትርሲት ብርጭቆውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መዝገቡ ክፍት ነበር። ራሱ ወጣ ይላል። የጻፈችው እሷ ናት፤ የእጅ ጽሕፈቷም ቆንጆ ነው፤ ስሕተት የለበትም።

በሩን ከፍታ ሮጠች። ጉሙ እስከ አጥሩ ድረስ ገብቶ ነበር። ጭቃው ላይ ባዶ እግሩን የሄደ ሰው ፈለግ አለ፣ ግራ እግሩ አምስት ጣት፣ ቀኝ እግሩ አራት ጣት። ፈለጉ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ ይሄዳል። አስፋልት ላይ ፈለግ አይቀርም። “አጥናፉ!” ብላ ተጣራች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እስኪደክማት። ጉሙ ውስጥ የቆሙ የሚመስሉ ነገሮች ነበሩ። ቀርባ ስታያቸው አንዱ የመንገድ ምልክት ነበር፣ አንዱ ባሕር ዛፍ ነበር፣ አንዱ ምን እንደ ነበር ስትደርስ አልነበረም።

ልሳኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ከአልጋው ተነሥቶ መደቡ ላይ አነጠፈ። “ይቅርታ እትዬ፣ እኔም አላወቅኩም” አላት። ሥራ ጀመረ። ሰዎች አጥናፉ ብለው ይጠሩታል፣ እሱም አቤት ይላል፤ ሌላ ምን ማለት ይችላል? ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሆነ፣ ከዚያ ስልሳ። ሐኪሙ አይቶት እጁን ጨበጠው። መንገድ ላይ ያገኟት ሴቶች ሁሉ “እልልል! ባልሽ ዳነ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ” ይሏታል። ትርሲት “አሜን” ትላለች።

አንድ ቀን ወይዘሮ ጌጤነሽ ዳቦ ይዘው ወደ መድኃኒት ቤቱ ብቅ አሉ። ደጋግመው አይተዋታል፣ ፊቷ አላማራቸውም።

“እማማ፣ የወጣ ሰው ተመልሶ ይገባል?” አለቻቸው ትርሲት።

“እኔ እንጃ ልጄ። አማቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። አጥሩ ጋ ቆመው ያያሉ። እኔ አልከፍትላቸውም፣ እሳቸውም ክፈቺ አይሉኝም።”

“ለምን አይሉም?”

“እኔማ አልያዝኳቸውም ነበር። የያዙኝ እሳቸው ናቸው፤ መድኃኒቱ ሲያስለቅቃቸው ለቀቁኝ፣ በቃ።” ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። “ያንቺዎቹ ጋ የያዘው ማን ነበር? ጠይቀሽ ነበር?”

ትርሲት ዳቦውን በወረቀት ጠቀለለችው። ከዚያ ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው።

ቆርቆሮው ባዶ ሆኗል። አበባው ቢገኝ እንኳ የአቶ ጠናን ማሽን የሚያውቅ ሰው የለም። ለትርሲት የቀራት ተስፋ አንድ ነው፤ እሱም ራሷ ሺህ ጊዜ ለሰው ያስረዳችው ነገር ነበር። ራሱ ካልወጣ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነገር ውስጥ ከቀረች፣ ሦስት ወር ሳይሞላ እንደገና ያድጋል። መዝገቡ ላይ “ወጣ” ብላ ጽፋለች፤ ግን በዐይኗ አላየችም፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ ልሳኑ ቁርስ ሲቀርብለት በየትኛው እጁ እንደሚያነሣ ታያለች። በግራ ነው። በእንቅልፉ ምን እንደሚል ትሰማለች። በእንቅልፉ ምንም አይልም፤ ሰላማዊ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። በስልሳኛው ቀን “ትር...” ያለ መስሏት ተነሥታ ሄደች። ያስነጠሰ ነበር።

በዘጠና አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ትርሲት መድኃኒት ቤቱን ልትከፍት ከቤት ወጥታ በሩን ስትስብ ኮቱ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘችው።

ቡናማው ኮት ነው። ከላይ እስከ ታች በጉም ርሷል፣ ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል። ክርኑ ላይ ያለው ጣፍ በቦታው አለ። አዝራሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል፣ የለበሰው ሰው ብርድ እንዳይገባው እንደሚቆልፋቸው፣ እስከ አንገት። ጭቃው ላይ ምንም ፈለግ የለም። ኮቱ ጎማ ማጣበቂያ ይሸታል።

ኪሶቹን ፈተሸች። ባዶ ናቸው። ከዚያ ቀኝ እጇን ከታች በኩል በቀኙ እጅጌ ውስጥ ላከችው። ከክርኗ በላይ ገባ። የእጅጌው ማለቂያ እዚያ መሆን ነበረበት፤ ትከሻው እዚያ ነው። አላለቀም። ወደ በሩ ተጠግታ እጇን የበለጠ ላከችው፣ እስከ ብብቷ። ውስጡ ከውጭው ይልቅ ደረቅ ነበር፣ ትንሽ ንፋስም ነበረው፣ ዳገት ላይ እንዳለው።

እጅጌው ውስጥ፣ በጣም ርቆ፣ አንድ እጅ እጇን ያዘ።

ቀዝቃዛ ነበር። መዳፉ ሻካራ ነው፤ መሐሉ ላይ አራት ትናንሽ የጥፍር ጠባሳዎች በጣቷ ተሰሟት። ትርሲት አልጮኸችም። ግንባሯን ከረጠበው ኮት ላይ አስደገፈች።

ገበያ የሚወርዱ ሰዎች በአጥሩ በኩል ያልፉ ነበር። ብዙዎቹ ሰላም አሏት። ከእነሱ ጀርባ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ገበያ የማይወርዱ ሌሎች ቆመው ያያሉ፤ ከመሐላቸው አንዷ ነጠላ አጣፍተዋል።

ከውስጥ መደቡ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። ልሳኑ ነቅቷል። እንቅልፍ ባልለቀቀው፣ በባሏ ድምፅ ጠራት።

“እትዬ፣ በሩ ላይ ማነው?”

“ማንም የለም” አለች ትርሲት።

እጅጌው ውስጥ ያለው እጅ ይህን ሲሰማ ጠበቅ አደረገ።